አላን ኮላ፦ ከጀልባ ማዕድ ቤት እስከ ኬፕ ሆርን

ስማቸው ገንኖ መቃብራቸው ያልታወቀ ሰዎች ታሪክ ሁልጊዜ ይስበኛል። ለቅሶ ይኖራል፤ ሬሳ የለም። ሐውልት ይቆማል፤ ከሥሩ ግን ማንም አልተቀበረም። ፈረንሳዊው ባሕርተኛ አላን ኮላ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። በኖቬምበር 1978 ከነጀልባው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲጠፋ ገና የ35 ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመታት በላይ ቢያልፉም መጨረሻውን የሚነግር አስተማማኝ ፍንጭ አልተገኘም። (የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ሸራ ጀልባ ውድድር ምን አገባን የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ኮላም የባሕር ልጅ አልነበረም። ባሕርን ያወቀው ካደገ በኋላ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ በደመወዝ መተዳደር ከጀመረ በኋላ ነው። ታሪኩን ከሌሎች ባሕርተኞች ታሪክ ለይቼ እንድወደው ያደረገኝም ይኸው ነው። ደግሞም የእርሱ ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የአንድ ሰውና የአንዲት ጀልባ ታሪክ ነው። አንዱን ከሌላው ለይቶ መተረክ አይቻልም።

የወንዝ ዳር ልጅ

አላን ኮላ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1943 በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ክላምሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ክላምሲ ከየትኛውም የባሕር ጠረፍ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የከተማዋ ስም የሚነሣው በዮን ወንዝ ነው። ሰዎቿ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የማገዶ እንጨት እያሰሩና በወንዙ ላይ እያንሳፈፉ ለፓሪስ ያቀርቡ ነበር። የኮላ ቤተሰብ ደግሞ በሸክላ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሳህንና ማሰሮ የሚያመርት የቤተሰብ ድርጅት ነበራቸው። ለዚህ ልጅ የተዘጋጀው መንገድ እንግዲህ ሁለት ነበር ማለት ይቻላል፤ አንድም ምድጃው፣ አንድም ትምህርቱ።

እርሱ ትምህርቱን መረጠ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከተማረ በኋላ በ1966 ወደ አውስትራሊያ አቀና፤ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲም ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመረ። ሲድኒን የሚያውቁ እንደሚናገሩት የከተማዋ ወደብ ቅዳሜና እሑድ በሸራ ጀልባ ይሞላል። ወጣቱ መምህርም ከዚያ ገባበት። በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜው እንደ ሕፃን ሀ ብሎ ገመድ መጎተትና ሸራ ማጠፍ ተማረ። በፈረንሳይ ጠረፍ ያደጉት እኩዮቹ ይህን የሚያውቁት ከወላጆቻቸው ጋር ዓሣ ሲያጠምዱ ነው። ኮላ የዘገየ ተማሪ ነበር፤ የዘገየ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚራብ ተማሪ ነው።

በ1967 መጨረሻ ዕድል በሩን አንኳኳች። ኤሪክ ታባርሊ ፔን ዱዊክ 3 የተባለች ጀልባውን ይዞ ከሲድኒ ወደ ሆባርት በሚደረገው ዝነኛ ውድድር ሊሳተፍ መጣ። ታባርሊ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ማን እንደነበር ለመናገር አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ1964 በአንድ ሰው ብቻ በሚቀዘፈው የአትላንቲክ ማቋረጥ ውድድር፣ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈውን እንግሊዛዊ ፍራንሲስ ቺችስተርን በ27 ቀናት ጉዞ ቀድሞ በመግባቱ ብሔራዊ ጀግና ሆኗል። የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ቃል አይበዛበትም፤ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ግን ስሙ ከባሕር ጋር አንድ ሆኖ ይጠራል።

ኮላ ከዚህ ሰው ጀልባ ላይ መሣፈር ፈለገ። በየትኛው ሙያ? በባሕርተኛነት እንዳይሉት ልምዱ ትንሽ ነው። የቀረለት ማዕድ ቤቱ ነበር። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው መምህር ምግብ አብሳይ ሆኖ ከታባርሊ ጋር ወደ ኒው ካሌዶንያ ተጓዘ። በእኛም አገር ቢሆን ዲግሪ ይዞ ወጥ ለመሥራት የሚስማማ ስንት ሰው እንደሚገኝ እንጃ። ኮላ ግን የሚገባበትን በር እንጂ የበሩን ስፋት አላየም።

ሦስት አካል ያላት ጀልባ

ታባርሊ በዚያ ወቅት በአእምሮው የሚያብሰለስለው አንድ አዲስ ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡ ትራይማራን ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደ የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲገፋው እንዳይገለበጥ ከሥሩ ከባድ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ይንጠለጠልለታል። ያ ክብደት ከመገልበጥ ያድነዋል፤ በዚያው ልክ ግን ፍጥነቱን ይይዘዋል። ትራይማራን በአንጻሩ ክብደት የለውም። መሐል ላይ አንድ ዋና አካል፣ በግራና በቀኝ ደግሞ በአጋዳሚ ብረቶች የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን አካላት አሉት። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ስፋቱ ነው። ክንፉን ዘርግቶ በውኃ ላይ እንደተቀመጠ ወፍ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ።

ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክብደት ያለው ጀልባ ቢገለበጥ ተመልሶ ይቃናል፤ ትራይማራን ግን አንዴ ከተገለበጠ በባሕር መሐል ማንም አያቃናውም። ሁለተኛ፣ ሦስቱ አካላት ሦስት የተለያዩ ማዕበሎች ላይ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የሚያያይዟቸው አጋዳሚዎች ሌት ተቀን ይጠመዘዛሉ። የጀልባው ዕድሜ የሚቆጠረው በእነዚያ መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአንድሬ አሌግር የተነደፈችው ፔን ዱዊክ 4 በ1968 የጸደይ ወራት በሎሪያን ከተማ ከአሉሚኒየም ተሠራች። ርዝመቷ ከ20 ሜትር፣ ስፋቷ ከ10 ሜትር በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ግዙፍ ትራይማራን በውድድር ላይ አይታወቅም። ሆኖም የተወለደችበት ወር ለእርሷ መልካም አልነበረም። ሜይ 1968 ፈረንሳይ በሥራ ማቆም አድማና በተማሪዎች ዐመፅ የተናወጠችበት ወር ነው። ጀልባዋ ሳትሞከርና በወጉ ሳታልቅ ወደ ፕሊመዝ፣ ወደ ውድድሩ መነሻ ሄደች። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ታባርሊ ለአጭር ጊዜ ወደ ውስጥ እንደገባ ከጭነት መርከብ ጋር ተጋጨች። ተጠግና ብትመለስም ራሱን የሚመራው መሣሪያ አልሠራም፤ ታባርሊ ውድድሩን አቋረጠ። ጋዜጦች ሸረሪት ይሁን ጀልባ ባልለዩላት በዚህች ፍጥረት ላይ ተሳለቁ።

ታባርሊ ግን ተስፋ አልቆረጠባትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦሊቪዬ ደ ኬርሶዞንንና አላን ኮላን ይዞ አትላንቲክን አቋረጠ፤ በፓናማ በኩልም ወደ ፓስፊክ ተሻገረ። በ1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ሆኖሉሉ በሚደረገው ውድድር፣ ሕጉ ባለ ብዙ አካል ጀልባዎችን ስለማይቀበል በይፋ ሳትመዘገብ ተጓዘች። ከተመዘገቡት ሁሉ ቀድማም ደረሰች። ሽልማት አላገኘችም። ያየ ግን አየ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በማዕድ ቤቷ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ኮላ አየ።

የዱቤዋ ጀልባ

ታባርሊ አንዱን ጀልባ ሳይጨርስ ስለሚቀጥለው የሚያስብ ሰው ነበር። ፔን ዱዊክ 5ን ሠርቶ ትኩረቱ ወደ እርሷ ሲዞር፣ ፔን ዱዊክ 4 በ1970 ለሽያጭ ቀረበች። ገዥው ማን ሆነ? የቀድሞው ምግብ አብሳይ። ኮላ ያን የሚያህል ገንዘብ አልነበረውም። ተበደረ፤ ስለ ጉዞው ለመጽሔቶችና ለጋዜጦች እየጻፈ ሊከፍል ተስማማ። ታባርሊም በዱቤ ሰጠው። መምህሩ ለባለቤቱ ዕቃውን ሲያስረክብ ዕቃው ብቻ አይደለም የሚተላለፈው፤ እምነትም ይተላለፋል። ደግሞም ሸክም ይተላለፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮላ የሚሮጠው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ለዕዳውም ነበር።

ጀልባዋን ከፓስፊክ ወደ ፈረንሳይ ያመጣት በደቡብ አፍሪካው የመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በኩል ነው፤ ከጉዞው ብዙውን ያደረገውም ብቻውን ነበር። ይህ ጉዞ ትምህርት ቤቱ ሆነ ማለት እችላለሁ። ለብዙ ሰዎች እጅ የተሠራችን ጀልባ አንድ ሰው እንዴት እንደሚቆጣጠራት የተማረው እዚያ ነው።

ከዚያ 1972 መጣ። የአትላንቲክ ማቋረጥ ውድድር ሲከፈት የሁሉም ዓይን ያረፈው በዣን-ኢቭ ቴርላን ጀልባ ላይ ነበር። ስሟ ዓርብ 13 የተባለች፣ ርዝመቷ 39 ሜትር የሚሆን፣ ባለ ሦስት ምሰሶ ግዙፍ ጀልባ ናት። ትልቅ ያሸንፋል የሚለው ስሌት ቀላል ነበር። ኮላ ግን በ20 ቀን ከ13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ኒውፖርት ገባ። ቴርላን ከ16 ሰዓታት በኋላ ደረሰ። የተሳለቁባት ሸረሪት በተሳለቁባት ውድድር ላይ አሸነፈች። በግማሽ ርዝመት፣ በዱቤ የተገዛች፣ አራት ዓመት ያገለገለች ጀልባ!

እኔ ከኮላ ሕይወት ውስጥ አንድ ቀን ምረጥ ብባል ይህን ቀን አልመርጥም። ግን ያለዚህ ቀን የሚቀጥለው አይኖርም ነበር።

ተጓዧ ወፍ

በባሕርተኞች ዓለም ዓለምን ብቻ ከመዞር የሚበልጥ ፈተና የለም። ቺችስተር በ1966 እና በ1967 በሲድኒ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ በ226 የባሕር ቀናት ዞሮት ነበር። ኮላ ይህን መንገድ በትራይማራን ሊደግመው ተነሣ።

ድፍረቱን ለመረዳት በዚያን ጊዜ ትራይማራን የነበረውን ስም ማስታወስ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ጀልባ ዋና ሰባኪ የነበረው አሜሪካዊው አርተር ፓይቨር በ1968 ብቻውን ወደ ባሕር ወጥቶ አልተመለሰም። በ1969 በዓለም ዙሪያ ውድድር ላይ የነበሩ ሁለት ትራይማራኖች የሆኑትም ይታወቃል። ዶናልድ ክሮኸርስት አትላንቲክ ላይ ቆሞ ዓለምን እየዞርኩ ነው የሚል የሐሰት ሪፖርት ሲልክ ቆይቶ በመጨረሻ ጀልባው ባዶዋን ተገኘች። ናይጅል ቴትሊ ደግሞ ክሮኸርስት የደረሰበት መስሎት የደከመች ጀልባውን ሲያጣድፋት፣ ጉዞውን ሊያገባድድ ጥቂት ሲቀረው በአዞርስ ደሴቶች አካባቢ ተሰባብራ ሰጠመችበት። በአንድ ሰው ውሸት የሌላው ሰው ጀልባ ተሰበረ። አዞርስ የሚለውን ስም አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ኮላ እንግዲህ ጀልባዋን እንደነበረች ይዟት ሊሄድ አልቻለም። ለደቡብ ውቅያኖስ እንድትሆን አካሏም ሆነ የሸራ መሣሪያዋ ተፈትሾ፣ ተጠናክሮ፣ ተሻሽሎ እንደገና ተዘጋጀ። ከጀልባዋ ጋር ስሟም ታደሰ። ኮላ የትዳር አጋሩን ያገኘው በታሂቲ ነበርና በታሂቲ ቋንቋ ማኑሬቫ አላት፤ ተጓዥ ወፍ እንደማለት ነው። እኔ ስም መቀየሩን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ፔን ዱዊክ የታባርሊ ቤት ስም ነው። የመጀመሪያዋን ፔን ዱዊክ፣ በ1898 የተሠራችውን፣ ታባርሊ ከአባቱ ወርሶ በበሰበሰው አካሏ ላይ አዲስ አካል አውጥቶ ያደሳት ናት። ኮላ ያንን የዘር ሐረግ ትቶ የራሱን ቤት መሠረተ።

በሴፕቴምበር 8 ቀን 1973 ከሴን ማሎ ተነሣ። በ79 ቀናት ሲድኒ ደረሰ። ከሰባት ዓመታት በፊት መምህር ሆኖ የገባባትን ከተማ አሁን ካፒቴን ሆኖ አያት። ጀልባዋን ጠጋግኖ በዲሴምበር 29 ጉዞ ቀጠለ። ከፊቱ ያለው ኬፕ ሆርን ነው፤ የደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ማዕበሉ ዓለምን ዞሮ የሚመጣበት፣ የብዙ መርከበኞች መቃብር። ማኑሬቫ አለፈችው። በማርች 28 ቀን 1974 ሴን ማሎ ሲገባ በጠቅላላ 169 የባሕር ቀናት ተቆጥረው ነበር። ከቺችስተር 57 ቀናት ያነሰ ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው ቀን ይህ ነው። በዚያ ቀን ትራይማራን መጫወቻ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የውቅያኖስ አቋራጭ ትራይማራኖች ሁሉ፣ ዛሬ ዓለምን ከ41 ቀናት ባነሰ ጊዜ የዞሩትም ጭምር፣ ለዚያች የአሉሚኒየም ወፍ ዕዳ አለባቸው።

የተሰበረው እግርና ግዙፏ መርከብ

ክብር ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። በሜይ 19 ቀን 1975 በላ ትሪኒቴ ሱር ሜር ወደብ ኮላ የማኑሬቫን መልሕቅ ሲጥል ገመዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠመጠመ። እግሩ ሊቆረጥ ጥቂት ቀረው። ሐኪሞች ሊያተርፉለት ከሃያ ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። እግሩ ተረፈ፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ አበቃ ይባል ነበር። ኮላ ግን የሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻውን ነድቶት የማያውቅ ግዙፍ የሸራ መርከብ አቀደ። ክለብ ሜዲተራኔ ትባላለች። ርዝመቷ 72 ሜትር፣ ምሰሶዋ አራት ነበር። በቱሎን የባሕር ኃይል የጦር መርከብ ማሠሪያ ተሠርታ ለ1976ቱ የአትላንቲክ ውድድር ደረሰች። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ባለ አንድ እግር ያህል ሰው በሚወዛወዝ ትራይማራን ላይ መሮጥ አይችልም፤ ረጋ ያለ ሰፊ ወለልና በማሽን የሚጎተት ገመድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ግን ይህን አላየም። ያየው ትዕቢትን ነው። በ1972 ግዙፏን ጀልባ በትንሿ ያሸነፈው ሰው አሁን ራሱ ግዙፏን ይዞ መጣ።

ውድድሩ ከባድ ነበር። ማዕበል ተከታትሎ መጣ። ስሪ ቺርስ የተባለችው ትራይማራን ከባለቤቷ ከማይክ ማክመለን ጋር ጠፋች። የኮላ የሸራ ማውጫ ገመዶች ተበጣጥሰው በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ለጥገና ለመቆም ተገደደ። ታባርሊ በበኩሉ ለሳምንታት ድምፁ አልተሰማም ነበር። ሁሉም ጠፋ ብሎ ሲጨነቅ፣ ለብዙ ባሕርተኞች በተሠራችው ፔን ዱዊክ 6 ብቻውን መጥቶ አንደኛ ገባ። ኮላ ሁለተኛ ቢደርስም ከጥገናው ወደብ ሲወጣ በሌሎች ሰዎች ታግዟል ተብሎ ሰዓት ተቀጣና ወደ አምስተኛነት ወረደ። ሁለተኛነቱን የወሰደው ማን መሰላችሁ? ካናዳዊው ማይክ በርች፤ ርዝመቷ አሥር ሜትር በማትሞላ ትራይማራን!

ፈረንሳይ ሁለት ጀግና የምትሸከምበት ትከሻ አልነበራትም። ታባርሊን በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለች፤ ኮላን ረሳች። መምህርና ደቀ መዝሙር የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በሕዝብ ዓይን ተፎካካሪ ሆነው ቀሩ። ግዙፏ መርከብም ዕዳ ሆነችበት። በየወደቡ እየዞረ ለተመልካች ማሳየትና ገቢ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ወደ አሮጌዋ መመለስ

በ1978 አዲስ ውድድር ተፈጠረ። ሩት ዱ ረም ይባላል፤ ከሴን ማሎ እስከ ጓዴሎፕ ደሴት የሚደረግ ነው። የጀልባ ርዝመት ገደብ የለውም፤ ማንም በፈለገው ይምጣ የሚል ነበር። ኮላ በምን ይምጣ? ግዙፏን መርከብ ተወና አሮጌዋን ማኑሬቫን አዘጋጀ። አሥር ዓመቷ ነበር። አራት ዓመታት ገደማ ከትልቅ ውድድር ርቃ ቆይታለች። እርሱም ቢሆን ከአደጋው በኋላ በእርሷ ላይ ውቅያኖስ አላቋረጠም።

እዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያቆየሁትን ነጥብ ላንሣ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ አይዝግም ማለት ይቻላል፤ ለብየዳም ይመቻል። ግን ከብረት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ብረት ከተወሰነ መጠን ያነሰ ጭነት ከተፈራረቀበት ያለ ገደብ ሊሸከም ይችላል። አሉሚኒየም ግን እያንዳንዷን መተጣጠፍ ይቆጥራል፤ አይረሳም። ትንሽም ብትሆን ሚሊዮን ጊዜ ከተደጋገመች ስንጥቅ ትሆናለች። ስንጥቁ ደግሞ የሚጀምረው ብየዳው ላይ፣ ቀለሙ ሥር ነው። ማኑሬቫ አትላንቲክን ደጋግማ አቋርጣለች፤ ፓስፊክን ተመላልሳበታለች፤ ዓለምን ዞራለች። አጋዳሚዎቿ ስንት ጊዜ ተጠምዝዘዋል? ማንም አልቆጠረም፤ ብረቷ ግን ቆጥሮታል።

ይህን የምለው የጠፋችው በዚህ ነው ለማለት አይደለም። ከጠፋች በኋላ ብዙ መላ ምት ቀርቧል፤ መገጣጠሚያው ተሰበረ፣ ተገለበጠች፣ ከመርከብ ጋር ተጋጨች የሚሉ አሉ። አንዱም ሊረጋገጥ አይችልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። መኪናም ሆነ ማሽን፣ ቤትም ሆነ ድልድይ ስናድስ ቀለሙን፣ ሞተሩንና ወንበሩን እናያለን። የማይታየው ድካም ግን አብሮ አይታደስም። አሮጌን ነገር ማደስ ትልቅ ጥበብ ነው፤ የታደሰውን ነገር ምን ያህል እንደሚጠየቅ ማወቅ ግን ከዚያ የበለጠ ጥበብ ነው።

ውድድሩ በኖቬምበር 5 ቀን 1978 ተጀመረ። 38 ጀልባዎች ተነሡ። ኮላ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። በየጊዜው በሬዲዮ ይገናኛል፤ ድምፁም ይሰማል። በኖቬምበር 16 ቀን በአዞርስ አካባቢ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ተገናኘ። አየሩ እየተበላሸ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው አልደነገጠም። ለምን ይደነግጣል? ከሁለት ዓመት በፊት ታባርሊም ዝም ብሎ አልነበረም እንዴ? ዝምታው በድል ነው የተፈታው። ብዙዎች ኮላም ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላል ብለው ጠበቁ። በኖቬምበር መጨረሻ ጓዴሎፕ ላይ ብቅ ያሉት ግን ሌሎች ነበሩ። ሚሼል ማሊኖቭስኪ ክሪተር 5 በተባለችው 21 ሜትር ጀልባ ሊያሸንፍ ተቃርቦ ሳለ፣ ማይክ በርች 12 ሜትር በማትሞላ ቢጫ ትራይማራን ከኋላው ደርሶ ከ23 ቀናት ጉዞ በኋላ በ98 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። በዚያች ደቂቃ ከተኩል ውስጥ ባለ አንድ አካል ጀልባዎች የውቅያኖስ ውድድር ዘመን አበቃ ማለት ይቻላል። ኮላ በ1972 የጀመረውን ክርክር ማይክ በርች ዘጋው። ኮላ ግን ይህን አላየም።

የፈረንሳይ የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ለሳምንታት አሰሱ። እንጨት አልተገኘም፤ ሸራ አልተገኘም። የትዳር አጋሩና ሦስት ትንንሽ ልጆቹ ከዛሬ ነገ ይመጣል እያሉ ጠበቁ። በቀጣዩ ዓመት ዘፋኙ አላን ሻምፎር በሰርዥ ጌንስቡር ግጥም ማኑሬቫ የተባለውን ዘፈን አወጣ። ዜማው በምሽት ጭፈራ ቤቶች ሁሉ ተሰማ። በዚያ ዜማ የጨፈሩ ወጣቶች ስንቶቹ የጠፋ አባትን ስም እየጠሩ እንደሆነ ያውቁ እንደነበር እንጃ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የት እንዳለ በሳተላይት የሚናገር መሣሪያ በተወዳዳሪ ጀልባዎች ላይ እየተለመደ መጣ። የኮላ ዝምታ ለሌሎቹ ድምፅ ሆነ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

አምስቱ እህትማማቾች

አሁን ጀልባዎቹ የት ናቸው? ታባርሊ ራሱ በጁን 1998 በአየርላንድ ባሕር ላይ፣ በገዛ እጁ ካደሳት ከመጀመሪያዋ ፔን ዱዊክ ላይ ወድቆ ሞተ፤ አስከሬኑ ከሳምንታት በኋላ በዓሣ አጥማጆች ተገኘ። የእርሱ ጀልባዎች ግን በሕይወት አሉ። የመጀመሪያዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ፔን ዱዊኮች በየጊዜው እየታደሱ ዛሬም ይንሳፈፋሉ። ስድስተኛዋማ በታባርሊ ልጅ ካፒቴንነት በ2023 እና በ2024 እንደገና ዓለምን ዞራለች። ማይክ በርች ላሸነፈባት ትንሽ ቢጫ ትራይማራን እህት የሆነችው አካፔላም ተሰብራ እየተጠገነች፣ አርጅታ እየታደሰች በሩት ዱ ረም ላይ ደጋግማ ታይታለች።

ግዙፏ ክለብ ሜዲተራኔስ? በ1980ዎቹ ባለ ሀብቱ በርናር ታፒ ገዝቶ ፎሴያ ብሎ ወደ ቅንጡ መዝናኛነት ቀየራት። ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆይታ በ2021 በማሌዥያ ውኃ ላይ እሳት ተነሥቶባት ሰጠመች። የኮላ ሁለቱም ጀልባዎች እንግዲህ ከባሕር በታች ናቸው።

ከስድስቱ ፔን ዱዊኮች አንዷ ብቻ የለችም። አራተኛዋ፣ ስሟን የቀየረችው፣ የተሳለቁባት፣ ከሁሉ ይልቅ መንገድ የከፈተችው። ለእርሷ የሚያድሳት ባለሙያም፣ የሚሰበሰብ ገንዘብም፣ የምትገባበት ሙዚየምም ሊኖር ይችል ነበር። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ማለት ይህ ነው፤ ማደስ የሚፈልግ እጅ አለ፣ የሚታደስ ነገር ግን የለም።

ሰዎች ኮላን በሁለት መልክ ይስሉታል። አንዳንዶች ዝና ያሳበደው ሰው ይሉታል፤ ሌሎች ያልታደለ ጀግና ይሉታል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ከባሕር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተወልዶ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ገመድ መያዝ ተምሮ፣ በማዕድ ቤት በኩል ገብቶ፣ በዱቤ በገዛት ጀልባ ኬፕ ሆርንን ያለፈ ሰው ያልታደለ አይባልም። እግሩ ተሰብሮ እንኳ ወደ ውኃው የተመለሰም በዝና ብቻ አይመለስም። በ1978 የተመለሰው ዝናን ወደ ሰጠችው ጀልባ ሳይሆን ሙያን ወዳስተማረችው ጀልባ ይመስለኛል። እርሷም እርሱም ደክመው ነበር፤ ሁለቱም ተጠግነው ነበር። ጥገናው በቂ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ አዞርስ አጠገብ ያለው ውኃ ይዞት ቀርቷል።